ከማጀት አጠገብ አራት መደብ



ለእኛ ለአታት ሴቶች ጓሮ እንግዳ ነገር አይደለም። ከፊት ጀፎሮው፣ ከኋላ እንሰቱ፤ ያደግነው በዚህ መካከል ነው። እንሰት በክፉ ቀን ቤታችንን አቁሞልናል። ይሁን እንጂ ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ገንቢነቱ አነስተኛ ነው። እናቶቻችን ከጎመንና ከአይብ ጋር የሚያቀርቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ግን ጎመኑን ከገበያ የምንገዛ በዝተናል። ብር በጎደለ ሳምንት ከገበታ ቀድሞ የሚቀረውም እሱ ነው። የሚጎዱት ደግሞ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ናቸው።

ስለዚህ ከመቆፈራችን በፊት እናቅድ። በመጀመሪያ ከባለቤቶቻችን ጋር እንነጋገር። ጫትና ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያመጣሉ፤ ገንዘቡ ግን ሁልጊዜ ወደ ድስቱ አይገባም። የምንጠይቀው ብዙ መሬት አይደለም። ስፋታቸው 1 ሜትር፣ ርዝመታቸው 5 ሜትር የሆኑ 4 መደቦች፣ በመካከላቸው ግማሽ ሜትር መተላለፊያ ይበቃናል። ይህ 28 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። መደቡ ከ1 ሜትር አይስፋ፤ ከሁለቱም ጎን እጃችን መሐሉ ድረስ ይድረስ፤ አፈሩም አይረገጥ።

ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከእንሰቱ ጥላና ከባሕር ዛፉ ሥር የራቀ፣ ለማጀት የቀረበ ይሁን። ለክረምቱ መደቡን ከፍ እናድርግ፤ ውሃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳል። ፍጉ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፤ ትኩሱ ችግኝ ያቃጥላል። ዶሮ እንዳይገባም እንጠር።

በአንዱ መደብ የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ፣ በሁለተኛው ካሮትና ቀይ ሥር፣ በሦስተኛው ሽንኩርት፣ በአራተኛው ቲማቲምና ቃሪያ እንትከል። ካሮት ችግኙ አይዛወርም፤ እዚያው ተዘርቶ ሲበቅል ይሳሳል። ጎመንና ቆስጣን ከነሥሩ አንንቀል፤ የውጭውን ቅጠል ብንቀጥፍ ለወራት ይመግበናል። በሚቀጥለው ወቅት ሰብሉን በየመደቡ እናቀያይር፤ በሽታው እዚያው አይከርምም።

ትልቁ ጥያቄ ውሃ ነው። በበጋ አንድ መደብ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል ይፈልጋል። አራቱ መደብ አራት ጀሪካን ማለት ነው፤ የሚሸከመውም የእኛው ጀርባ ነው። ውሃ የራቃት እህት በበጋ አንድ ወይም ሁለት መደብ ብቻ ትያዝ። አጋሮቻችንም ይህን ልብ በሉልን። ዘር ከእጃችን አይጠፋም፤ የሚያስፈልገን የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 400 ሊትር ይሆናል፤ ሃያ ጀሪካን ማለት ነው።

በውጆ ለመስቀል ቅቤ በየተራ ማጠራቀም የለመድን ሴቶች ነን። ዘርና ችግኝንም እንዲሁ በየተራ እናዋጣ፤ አንዷ ጎመን፣ ሌላዋ ሽንኩርት ታፍላ። ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን ጓሯችንን ለክተን፣ የውሃውን ርቀት ቆጥረን እንምጣ። ከዚያ ማን በስንት መደብ እንደምትጀምር አብረን እንወስናለን።