ጉዱ ካሳን ስለ መውደድ
(በተማሪዎች ማኅበር የንባብ ክፍል ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት የሥራ ፈት ወሬ ሊመስል ይችላል። ይኸውም ከቶ ተወልደው የማያውቁ፣ ከብዕርና ከቀለም ብቻ የተገኙ ሰዎችን ስለ ምን እንደምንወዳቸው ነው። ነገር ግን ወደ ፒያሳ ወርዶ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ «ፍቅር እስከ መቃብር አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ይረዳል። ሻጩ ብዙ ጊዜ ከዋጋው በፊት ስለ ሰብለ ወንጌል ማውራት ይጀምራል፤ ስለ ጎረቤቱ ልጅ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

የፒያሳዎቹ የሲኒማ ኢትዮጵያና የሲኒማ አምፒር ተመልካቾችም ስለዚሁ ፍቅር አንድ ነገር ያስተምሩናል። የፊልሙን ጀግና «አክተሩ» ይሉት ነበር። ተጫዋቹንና የሚጫወተውን ሰው አይለዩም ነበር። ሌላው ሁሉ ቢያልቅ አክተሩ እንደማይሞት አስቀድመው ያውቁ ነበር። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ ግን አክተሩ ይሞታል። ሰብለ ከስንት መከራ በኋላ በዛብህን ስታገኘው ነፍሱ ልትወጣ ተቃርባለች። በእንግሊዝ አገር አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ቢገድለው አንባቢው በቁጣ ስለ ተነሣበት፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ከሞት ሊያስነሣው ተገደደ። ለበዛብህ እንዲህ ያለ ትንሣኤ የለውም። የእኛ አንባቢ የሚያደርገው መጽሐፉን ዘግቶ፣ ዓይኑን ጠርጎ፣ እንደ ገና ከማንኩሳ መጀመር ነው።

ይህን ፍቅር ፊደል ያልቈጠረው ሰው ቤት ያደረሰው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከበት ጊዜ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቈጡ፣ ጉዱ ካሳ ሲናገር፣ ለያንዳንዱ ድምፅ ሰጠው። ዛሬ መጽሐፉን ገልጠን ዝም ብለን ስናነብ እንኳ ብዙዎቻችን በጆሯችን የምንሰማው የርሱን ድምፅ ነው። እንግዲህ ጉዱ ካሳ የማን ነው? የሐዲስ ነው ወይስ የወጋየሁ? በእኛ አስተያየት አባቱ አንድ ነው፤ ያሳደጉት ግን ብዙዎች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮም በዘፈኑ ከአሳዳጊዎቹ ጋር ተቈጥሯል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ተማሪ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው በዛብህን አይደለም፤ ጉዱ ካሳን ነው። ካሳ የፊታውራሪ መሸሻ ቤተ ዘመድ ነው። ባላባት በድኻው ላይ የሚያደርገውን ግፍ በዚያው በባላባቱ ቤት ተቀምጦ ስለ ተናገረ «ጉዱ» አሉት፤ እንደ እብድ ቈጠሩት። ያናገሩት ደራሲ ደግሞ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተማርከው በባዕድ አገር የታሰሩ፣ በኋላም በለንደን የንጉሠ ነገሥቱ አምባሳደር፣ ቀጥሎም ሚኒስትር የሆኑ ሰው መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ከሥርዓቱ ጓዳ ሆኖ ሥርዓቱን መናገር ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር።

ታዲያ ሁላችን ጉዱ ካሳ ነን እንላለን። መጽሐፉን አንብቦ «እኔስ ፊታውራሪ መሸሻን እመስላለሁ» ያለ አንባቢ እስከ ዛሬ አልገጠመንም። በየመኝታ ቤቱና በየክፍሉ ግን ያልተለመደ ሐሳብ የሚያመጣ ልጅ ሲነሣ የሚሰጠው ስም ያው «ጉዱ» ነው፤ ሳቁም ያው የፊታውራሪ ቤት ሳቅ ነው። በወረቀት ላይ ያለውን ካሳ ማፍቀር ምንም አያስከፍልም።

ደራሲውን ግን ሊያስከፍለው ይችላል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይን ባሳተመ ጊዜ አንባቢው ፊያሜታ ጊላይን ወደዳት፤ ከሌሎቹ የመጽሐፉ ሰዎች መካከል ግን በሥልጣን ላይ ያሉትን ሰዎች መልክ ለየ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። አንባቢው የተረፉትን ቅጂዎች ሸሽጎ፣ እየተዋዋሰ፣ በሌሊት አነበበ። ይህ ትልቅ ፍቅር ነው፤ አናቃልለውም። ፊያሜታን በየትራሱ ሥር አቆያት፤ በዓሉን ግን ሊያቆየው አልቻለም። ክቡር ሐዲስ እስከ 1996 ዓ.ም. ኖረው፣ የሥራቸውን ክብር በዓይናቸው አይተው፣ በወግ ተቀበሩ። የበዓሉ መቃብር እስከ ዛሬ አይታወቅም። ደራሲን ስለ መውደድ በምንነጋገርበት ጊዜ እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ማየት ግድ ይሆንብናል።

ፒያሳም ራሱ እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከአሮጌ ሰፈሮቹ ብዙው ፈርሷል። ውቤ በረሃን የሚፈልግ ሰው ዛሬ ይበልጥ የሚያገኘው በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ውስጥ ነው። በዚያ ሰፈር የነበሩት ሴቶች የሚኖሩበት ቤት ያ መጽሐፍ ሆኗል። መጽሐፉም ቢሆን ብዙ ዓመት አሳታሚ አጥቶ የኖረ ነው።

በመጨረሻ አንድ ማስታወቂያ አለን። በሚመጣው ስብሰባ ጉዱ ካሳ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰዎች ጋር የተከራከረበትን ክፍል ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን፤ ከንባቡም በኋላ ክርክር ይደረጋል። ለካሳ ወገን ተከራካሪ ለመሆን የተመዘገበው ሰው ከሚፈለገው በላይ ስለ ሆነ መዝገቡ ተዘግቷል። ለፊታውራሪ ወገን ግን እስካሁን አንድም ሰው አልተመዘገበም።