የሆስፒታል ወለል ለምን ይንቀጠቀጣል?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ምሕንድስና ጀምሬ ያልጨረስኩ የታክሲ ሾፌር ነኝና እንደ ሊቅ ሳይሆን እንደ ወንድማችሁ ስሙኝ።

ባለቤቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በአንድ ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ ተኝታ ሳለ፣ በኮሪደሩ ባሬላ በተገፋ ቁጥር አልጋዋ ይርድ ነበር። ሊጠይቋት የመጡት አማቴ «ሕንጻው ሊወድቅ ነው፤ ልጄን አውጡልኝ» ብለው አለቀሱ። ሕንጻው አልወደቀም፤ የሚወድቅም አልነበረም። የልጃቸው እንቅልፍ ማጣት ግን እውነት ነበር።

በብረት ምሰሶና ቢም የሚሠራ ሕንጻ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይቆማል፤ ሰፊ ክፍልም ይሰጣል። መዘዙም ከዚሁ ይመጣል። ሰው ሲራመድ በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል ወለሉን ይረግጣል። ወለሉም ሲነካ የራሱ የመወዛወዝ ምት አለው። ይህ ምት በሰከንድ 4 ወይም 6 ጊዜ ከሆነ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ልክ በሰዓቱ እየደረሰ ንዝረቱን ያጎለብተዋል። ዥዋዥዌ የገፋ ልጅ ይህን ያውቃል፤ በጊዜው ለገፋ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል።

«ታዲያ ጠንካራ ብረት ይግባበት» የሚል አይጠፋም። ጠንካራ ብረት መሰበርን ይከላከላል እንጂ መርገብን አይከላከልም። ወሳኙ የቢሙ ቁመትና ርዝመት ነው። ያው ቢም ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን የንዝረቱ ምት ወደ ሩብ ይወርዳል።

ቢሮ ውስጥ ቢሆን ሰው አጉረምርሞ ይተወዋል። በማይክሮስኮፕ እያየ ቀጭን የደም ሥር የሚሰፋ ሐኪም ግን እንዲያ ማለት አይችልም። ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና ክፍል በተለምዶ የሚወሰደው የንዝረት ጣራ በሰከንድ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ሰው ንዝረት መኖሩን ማወቅ ከሚጀምርበት ወሰን የሚቀራረብ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው። የአሜሪካ የብረት ግንባታ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 ለዚሁ ጉዳይ መመሪያ አውጥቷል፤ በ2016ም አሻሽሎታል። በንድፍ ጊዜ ምሰሶዎችን ማቀራረብ፣ የቢሙን ቁመት መጨመር፣ ሶሌታውን ማወፈር፣ የቀዶ ሕክምናውንም ክፍል ሰው ከሚበዛበት ኮሪደር ማራቅ ይቻላል። ሕንጻው ካለቀ በኋላ ግን ሥራው ይከብዳል፤ ሕሙማን በተኙበት ብረት መበየድ፣ ምሰሶ መጨመር፣ ወይም ከወለሉ ሥር በሞላና በአሞርዛተር የተያዘ ክብደት ማንጠልጠል ይመጣል። እኛ ሾፌሮች እናውቀዋለን፦ ሞላ ብቻውን መኪናውን ያዘልላል፤ የሚያረጋጋው አሞርዛተሩ ነው።

በመካከላችን በሆስፒታል የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ወለሉ ሲርድ አትደንግጡ፤ «ድሮም እንዲህ ነው» ብላችሁም አትለፉት። የትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሲያልፍ እንደሆነ ጽፋችሁ ለኃላፊው ስጡ። አዲስ ስንጥቅ ካያችሁበት ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ። ምሕንድስና የምትማሩ ልጆቻችንም «ይቆማል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «የታመመ ሰው ይተኛበታል ወይ?» በሉ። ይህን ብረቱ ሳይቆም የጠየቀ ብዙ ሰው ያሳርፋል።