ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃና ስለ ከበሮ፤ በሙዚቃ ክበባችን ምሽት የተደረገ ንግግር



ዛሬ ማታ የምናሰማችሁ ሸክላ እስክስታ የሚያስወርድ አይደለም። አስቀድመን ለራሳችን ስንሞክረው ከመካከላችን አንዱ «መርፌው ተበላሽቷል» ብሎ ሊያቆመው ተነሣ፤ ሁላችንም ሳቅን። ደግመን ስንሰማው ግን የሳቀ አልነበረም። ይህን ንግግር ያዘጋጀነውም ስለዚህ ነው።

ሸክላው በኒው ዮርክ የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርስቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማእከል የተሠሩ የስድስት ደራስያን ሥራዎች የያዘና በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። እኛ የመረጥነው በ1959 የተሠራውን «ለይላና ባለቅኔው» የተባለውን ነው። ደራሲው ግብፃዊው ሐሊም ኤልዳብ ነው። በቴፕ የተቀረጸው የሰው ድምፅ ሲፈጥንና ሲዘገይ፥ ሲያስተጋባና ተመልሶ ሲመጣ ትሰማላችሁ።

ሐሊም ኤልዳብ ዳርቡካ የተባለውን ከበሮ የሚመታ፥ በትምህርቱ ግን የእርሻ ሰው ነበር። በ1944 ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚደረግበት ቤት ሄደ። ወንድ የማይገባበት ስለ ነበረ ተከናንቦ እንደ ገባ ራሱ በኋላ ተናግሯል። ከዚያ ዋናውን ድምፅ እያስወገደ፥ ከበላዩ የሚንሳፈፈውን ረቂቅ ድምፅ ብቻ አስቀረ። ይህም የፓሪሱ ፒየር ሼፌር በ1948 የባቡር ድምፅ ቀርጾ ካቀናበረው ሥራ በአራት ዓመት ይቀድማል። እንግዲህ ይህ ሙዚቃ ከአውሮፓ ብቻ የመጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ካይሮን ረስቷል ማለት ነው።

«መኪና ያጣመመው ድምፅ ሙዚቃ ነውን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እኛ በበገና እንመልሳለን። አባቶቻችን ከበገናው ጅማት ሥር እንዚራ የተባለውን ቁራጭ ቆዳ የሚያገቡት ድምፁ እንዲነዝር ብለው ነው። ጥርት ያለውን ድምፅ ትተው የሚነዝረውን መረጡ። መሣሪያው ቆዳም ቢሆን ኤሌክትሪክ፥ የሚመርጠው ጆሮ ነው።

ይህ ሰው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ፥ ማለትም በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ፥ አስተምሯል። በ1963 እዚህ ያቋቋመውም የኤሌክትሪክ ጓድ ሳይሆን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። ከየአገሩ የመጡትን ክራር፥ ማሲንቆ፥ ዋሽንትና እምቢልታ ባንድ መድረክ አሰባሰበ። እንደሚመስለን፥ ካይሮ በሽቦ የቀረጸውም አዲስ አበባ ያሰባሰበውም በአንድ ጆሮ ነው፤ የተማረው ሰው የናቀውን ድምፅ በሚያዳምጥ ጆሮ።

ነገር ግን ባናነሣው የሚቆረቁረን አንድ ጉዳይ አለ። የደራሲው ስም በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ የእነዚያን ሴቶች ስም ግን ባነበብነው ሁሉ አላገኘንም። ተከናንቦ የገባ ሰው አስፈቅዶ ገባ ለማለትም ያስቸግራል። በዚህ ነገር እኛው ራሳችን ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «ባይቀርጸው ጠፍቶ ይቀር ነበር» ስንል፥ ሌሎቻችን «መጥፋትና መወሰድ ለባለቤቱ ልዩነት የላቸውም» አልን። ክርክሩ አላለቀም።

ሆኖም በአንድ ነገር ተስማምተናል። ዛሬ መቅረጫው በእያንዳንዳችን ኪስ ነው። በክረምቱ ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የእናቶችን እንጉርጉሮ፥ የአጫጆችን ዘፈን፥ የከበሮውን አመታት እንቅረጽ። አስቀድመን ግን እናስፈቅድ፤ የባለድምፁን ስምና ቀበሌውን እንጻፍ፤ የተቀረጸውንም ለባለቤቱ መልሰን እናሰማ። ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ ሊያቀናብረው የሚወድ ያቀናብረው።

አሁን ሸክላውን እናጫውታለን። መርፌው ደኅና ነው፤ ማንም እንዳይነሣ።