ልጆችን በሸክላ ሠሪው ቤት ስለ ማስተማር



ለደብራችን ኢዮቤልዩ በተሰበሰብንበት በዚህ ዕለት ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ታዘዝሁ፥ ሕፃናትን ሳስተምር ያገኘኝን ነገር እነግራችኋለሁ።

ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት የወረደበትን ምዕራፍ 18 ብዙ ዘመን በቃል ብቻ አስተምር ነበር። ልጆቹ ይሰሙኛል፥ ነገር ግን አያዩትም፤ በአገራችን ሸክላ የሚሠሩት እናቶች አብዛኛውን ጊዜ ጭቃውን በእጃቸው ስለሚያበጁ፥ ነቢዩ ያየው መንኰራኵር ለልጆቹ እንግዳ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን መሣሪያውን በሰሌዳ ላይ ሣልሁላቸው፤ ስሙ በዕብራይስጥ በሁለትነት ቍጥር የሚነገር ነውና፥ ሁለት ክብ ድንጋይ አድርጌ አሳየኋቸው። ቀጥሎም ለእያንዳንዳቸው እፍኝ ጭቃ ሰጥቼ የዘይት መብራት እንዲሠሩ አዘዝሁ።

አንዱ ልጅ ግን እጁን ወደ ኋላ ሸሸገና «የኔታ፥ ይህ የቡዳ ሥራ ነው፤ አልነካም» አለኝ። በመካከላቸው የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች፤ አንገቷን ደፋች። እኔም በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን ከሸክላ ሠሪ ደጅ ቍራሽ አልቀበልም ነበርና፥ ከልጁ ይልቅ እኔ አፈርሁ።

ልጁን አልተቈጣሁትም፤ መጽሐፍ ገለጥሁለት። በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቍጥር 7 እግዚአብሔር ሰውን ከአፈር ስላበጀበት ሥራ የተነገረው የዕብራይስጥ ግሥና «ሸክላ ሠሪ» የሚለው ስም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ዜና መዋዕል ቀዳማዊም በምዕራፍ 4 ቍጥር 23 ለንጉሥ ሥራ በንጉሥ ዘንድ ይቀመጡ የነበሩትን ሸክላ ሠሪዎች ያነሣል። ልጁ ይህን ከሰማ በኋላ ጭቃውን ጨበጠ። መብራቱ በእጁ ሲጣመምበትም ሰብስቦ እንደ ገና ሠራው፤ የኤርምያስን ቃል ያን ጊዜ አስተዋለ።

የደረቁትን ዕቃዎች የዚያች ልጅ እናት ከራሷ ሸክላ ጋር ተኰሰችልን። ከእሳት ሲወጡ አንዱ ተሰበረ። ያን ጊዜ ምዕራፍ 19ን አነበብሁላቸው፤ እርጥብ ጭቃ ይታደሳል፥ የተተኰሰ ገንቦ ግን ከተሰበረ ወደ ጭቃነቱ አይመለስም። ስባሪውንም አልጣልነውም፤ ስማቸውን በቀለም ጻፉበት። የጥንት ሰዎችም እንዲህ ያደርጉ ነበርና፤ በይሁዳ ከተማ በለኪሶ በኤርምያስ ዘመን በገል ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች በአውሮጳ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. ከመሬት ተቈፍረው ተገኝተዋል።

ወገኖቼ ሆይ፤ የልጅ ልብ እርጥብ ጭቃ ነው። ንቀትን ካተምንበትና በዘመን እሳት ከተተኰሰ፥ ማን ያቀናዋል? እኛ የቅኔ ተማሮች ወርቁ በሰሙ ውስጥ እንዳለ ተምረናል፤ ሰሙን የናቀ ወርቁን አያገኝም። ለዛሬው በዓል ጠላው የተጠመቀበት ጋን፥ ወጡም የተሠራበት ድስት የማን እጅ ሥራ ነው? እንግዲህ ያችን እናት በደጀ ሰላም ስናገኛት አስቀድመን እጅ እንንሣት፤ ልጆቻችንም ይዩን። እኔን ያስተማረኝ ያ ልጅ ነው፤ መብራቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እርሷ ሄደና «እማማ፥ የተኰሱልኝ ይህ ነው» ብሎ አሳያት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።