ከአንድ መስመር ውስጥ አንዱን ዋጋ ስለ ማውጣት

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚህች ትንሽ ነገር ምክንያት ሁለት ጓደኞቻችን የሚገባቸውን የመጽሐፍ መግዣ ገንዘብ ለአንድ ወር ሳያገኙ ቆይተዋል። ጥፋቱም የኔ ነበር።

የክፍላችን የመረዳጃ ገንዘብ መዝገብ በየመስመሩ አምስት ነገር ይዟል፤ ይኸውም መለያ ቍጥር፥ ስም፥ የአባት ስም፥ የአያት ስም፥ በመጨረሻም የሚሰጠው ብር ነው። አንዱን ከሌላው የሚለየው ታብ የተባለው ምልክት ነው። እኔም ብሩን ብቻ ለማውጣት፥ በፓይተን ቋንቋ ስፕሊት በተባለው ትእዛዝ መስመሩን ቈራርጬ አምስተኛውን ቍራጭ ወሰድሁ። (ፓይተን መቍጠር የሚጀምረው ከዜሮ ስለ ሆነ አምስተኛው በርሱ ዘንድ 4 ይባላል፤ ይህንንስ ሁላችንም አንድ ጊዜ ተሳስተን ተምረነዋል።)

የሳትሁት መለያውን ባለመንገሬ ነው። ስፕሊት በምን እንደሚቈርጥ ካልተነገረው ባዶ ቦታ ባገኘበት ሁሉ ይቈርጣል፤ ታብን ከተራው ክፍት ቦታ አይለይም፤ ተከታታዮቹንም እንደ አንድ ይቈጥራቸዋል። እንግዲህ የአባቱ ስም «ገብረ ማርያም» የሆነው ተማሪ ስድስት ቍራጭ ሆነና በብሩ ቦታ የአያቱ ስም ተቀመጠ። የአያት ስም ያላስመዘገበችው ተማሪ ደግሞ ሁለቱ ታቦች ተዋሕደው አራት ቍራጭ ብቻ ሆነች፤ አምስተኛም የላት። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው የአባቱ ስም ሁለት ቃል፥ የአያቱ ስም ባዶ የሆነ ሰው ቢኖር ነው፤ ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው ትክክለኛው ብር ይወጣ ነበርና፥ እኔም ፕሮግራሙ ደኅና ነው ብዬ በማልሁ።

ይባስ ብዬም «የማይነበብ መስመር ቢገኝ ዝለለው» ብዬ ጽፌ ነበር። ማሽኑ ታዛዥ ነውና አንድ ቃል ሳይናገር ዘለላቸው።

መድኃኒቱ ለስፕሊት መለያው ታብ መሆኑን መንገር ነው። ያን ጊዜ «ገብረ ማርያም» አይሰበርም፤ ባዶውም ቦታ እንደ ባዶነቱ ይጠበቃል። ቍራጮቹም አምስት መሆናቸው ሳይታወቅ አንዱንም ማንሣት አይገባም፤ ካልሞሉ ወይም ከበለጡ ፕሮግራሙ ቆሞ የመስመሩን ቍጥር ይናገር። በኮማ ለተለየ መዝገብ ግን ይህ አይበቃም። በጥቅስ ምልክት ውስጥ የገባ ኮማ የጽሑፉ አካል እንጂ መለያ አይደለም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው አር ኤፍ ሲ 4180 የተባለው ሰነድም ይህንኑ ጽፎታል። ለዚህስ ከፓይተን ጋር የሚመጣውን የሲኤስቪ ሞጁል መጠቀም ይሻላል። የኛ ነጠላ ሰረዝ (፣) ደግሞ ለማሽኑ ከኮማ ፈጽሞ የተለየ ምልክት ነው፤ በርሱ የተጻፈውን መስመር በኮማ ቍረጥ ቢሉት ሙሉውን መልሶ ይሰጣል።

የሁለቱ ጓደኞቻችን ገንዘብ ባለፈው ዓርብ ተከፍሏል። የታረመው ዝርዝር በሰሌዳው ላይ ተለጥፏልና፥ ስሙን ያጣ ቢኖር ዛሬውኑ ይንገረኝ።