መኪናችንን በእጃችን እንያዝ፤ ፍሬኑን ለባለሙያ እንተው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶችም፤

እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ በየግቢያችን ስለሚደረግ የመኪና ጥገና ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን በዚህ ሰፈር ስንቱ ቤት በአንድ አሮጌ መኪና እንደሚተዳደር ሁላችንም እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። እንግዲህ በእጃችን ያለችው ኮሮላም ሆነች ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው። ስለዚህ የምንችለውን ራሳችን እንሥራ፤ የማንችለውን አንንካ።

አንደኛ፤ የጣራው ጨርቅ። በብዙ መኪና ላይ ወርዶ የሹፌሩን ራስ ይነካል፣ የኋላውንም እይታ ይጋርዳል። አንዳንዱ በመርፌ ቁልፍ ይይዘዋል፤ ሌላው በላዩ ማስቲሽ ይቀባል። ሁለቱም አይበጁም። ጨርቁ የሚወርደው በጀርባው ያለው ስስ ስፖንጅ በፀሐይ ሙቀት እያረጀ ስለሚፈርስ ነው። ዱቄት በሆነ ስፖንጅ ላይ ማስቲሽ ምኑን ይይዛል? የሚበጀው የጣራውን ሰሌዳ አውርዶ፣ አሮጌውን ስፖንጅ በብሩሽ ጠርጎ፣ ስፖንጅ ያለው አዲስ ጨርቅ መለጠፍ ነው። ማስቲሹ በሰሌዳውም በጨርቁም ጀርባ በስሱ ይቀባል። ጥቂት ቆይቶ ጣት የማያረጥብ ሲሆን ጨርቁ ከመሀል ወደ ዳር እየተዳመጠ ይለጠፋል። ሥራው ደጅ ይሁን፤ የማስቲሽ ትነት ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይይዛል። ሲጋራም ከሰልም አጠገቡ አይድረስ።

በጣራው ጠርዝ ወይም በወንበሩ ጎን «ኤርባግ» ተብሎ የተጻፈበትን መኪና ግን ለባለሙያ ተዉት። ያ የአደጋ ጊዜ ከረጢት በፍንዳታ ኃይል ነው የሚከፈተው። ከወንበር ጎን የሚወጣ ከሆነም፣ ወንበሩን ጥቅልል አድርጎ የሚሸፍን ፎደራ ከረጢቱን አፍኖ ሊያስቀረው ይችላል።

ሁለተኛ፤ ወለሉ። ክረምት ላይ ምንጣፉ ከረጠበ ማስጣት ብቻ አይበቃም፤ ውኃው በየት እንደገባ ይፈለግ። የበሩ ጎማ እንዳልተቀደደ ይታይ። ከበሩም ሥር ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ፤ በጭቃና በቅጠል ሲደፈኑ ውኃው በበሩ ውስጥ ይጠራቀማል። በቀጭን ሽቦ ቀስ ብሎ መክፈት ነው። ዝም ከተባለ ላሜራው ዝጎ ይበሳል። ሹፌሩ እግር ሥር ምንጣፍ በምንጣፍ መደራረብም ይቅር፤ ተንሸራቶ ፔዳል ሥር ከገባ ፍሬኑ አልረገጥ ይላል፣ ወይም ነዳጅ መስጫው ተይዞ ይቀራል።

ሦስተኛ፤ ራዲያተሩ። አዲስ አበባችን ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ድስት ላይ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። እንግዲህ ሞተሩ ሲያፈላ ብዙ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የክዳኑ ጎማ አርጅቶ እንደሆነ እዩ። ሞተሩ ሳይበርድ ግን ማንም አይክፈተው፤ የፈላው ውኃ ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው።

አራተኛውና ዋናው ይኸ ነው። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ። ቦታው ሜዳ ይሁን፣ ጎማው ታኮ ይደረግበት፣ መኪናው በብረት ማቆሚያ ላይ ይረፍ። ፍሬን፣ መሪና የነዳጅ መስመር የመካኒክ ሥራ ነው። ፍሬን የባለመኪናው ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ፤ በመንገዳችን ላይ ኳስ የሚጫወቱት የሁላችንም ልጆች ናቸው።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ድንኳንና ብረት ድስት በጋራ እንደገዛን ሁሉ፣ አራት የብረት ማቆሚያዎች ገዝተን ዕቃ ቤት እናስቀምጥ። የፈለገ ፈርሞ ይውሰድ፣ በማግስቱ ይመልስ። አንድ ሰው ብቻውን ይከብደው ይሆናል፤ ለሁላችን ሲካፈል ግን ቀላል ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነጋግረን እንወስን።