የሕመምተኛው አልጋ የት ይዘርጋ?
ስለ ረጅም ጊዜ ሕሙማን ማረፊያ አመራረጥ ለነርሶች የቀረበ ንግግር



በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካላቸው ሽባ የሆነ አንዲት እናት ከሆስፒታል በሚወጡበት ዕለት፣ ልጃቸው ነርሷን ፈቀቅ አድርጎ «እንግዲህ ወዴት እንውሰዳቸው?» ሲል ይጠይቃል። የሆስፒታሉ ሕክምና ተፈጽሟል፤ ሕመሙ ግን አላበቃም። የሚሰጠው መልስ የእናቲቱን ቀሪ ዘመን፣ የልጆቻቸውንም ኑሮ ይወስናል።

በኢትዮጵያ ልማድ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ወላጅ የሚጦረው በቤት ነው። ልማዱ የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ ፍቅር ብቻውን አስታማሚ አይሆንም። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ካልተገላበጠ የአልጋ ቁስል ይከተላል። ሸክሙ ብዙውን ጊዜ በአንዲት ሴት ልጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። እርሷም ሥራዋን ትታ፣ ወገቧ እስኪጎብጥ ስታነሣና ስታስተኛ፣ «ደከመኝ» ማለትን እንደ ነውር ትቈጥረዋለች።

ስለዚህ ምርጫው ከበሽታው ስም ሳይሆን ከሕመምተኛው ችሎታ መነሣት አለበት። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተሙት መመዘኛ ስድስት ነገሮችን ይመረምራል፤ እነርሱም መታጠብ፣ መልበስ፣ በመጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ መነሣት፣ ሽንትና ሰገራን መቈጣጠር፣ መመገብ ናቸው። ቀጥሎ የሚመረመረው ቤቱ ነው። አስታማሚው ማን ነው? ሌሊት የሚተካው አለን? ውሃው ቅርብ ነውን? መጸዳጃውስ ከደጅ ነውን?

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በጽኑ የታመሙትን በየቤታቸው እየጎበኘ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው መቄዶንያ ደግሞ ጧሪና ደጋፊ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሰብስቦ ይይዛል። አንደኛው ሕመምተኛውን ከቤቱ ሳያስወጣ ይደግፋል፤ ሁለተኛው ቤት ላጣው ቤት ይሆናል። ልጅ እያላቸው የልጃቸው አቅም ያነሰባቸው እናት ግን በሁለቱ መካከል ይቀራሉ።

የነርስ ሙያ ይበልጥ የሚፈለገው በዚህ ክፍተት ነው። ሕመምተኛው ከመውጣቱ በፊት አስታማሚውን ማገላበጥንና ማንሣትን በእጅ ማስተማር፣ ተተኪ አስታማሚ ከቤተ ዘመዱ እንዲመደብ መምከር፣ ውሳኔውም እንደገና የሚታይበትን ቀን መቊረጥ ይገባል። ዛሬ ተስማሚ የሆነው ማረፊያ ከስድስት ወር በኋላ ላይስማማ ይችላልና።

ልጁ ነርሷን ፈቀቅ አድርጎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ግን ወደ አልጋው መመለስ አለበት። እናቲቱ መናገር ቢሳናቸው እንኳ በዓይናቸውና በእጃቸው ይመልሳሉ። አልጋው ከመዘርጋቱ በፊት የሚተኛበት ሰው ይጠየቅ።